የንግድ ድረ ገጽ ቀለም አመራረጥ፦ ለጅማ ነጋዴዎች ለተሰጠው ምክር የቀረበ ምላሽ

ሰሞኑን በጅማ የንግድ ሰዎች ዘንድ ሲተላለፍ የሰነበተ፣ ለንግድ ድረ ገጽ ቀለም ስለ መምረጥ የሚናገር አንድ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው ስድስት ምክሮች ሰጥተዋል። እያንዳንዱ ቀለም በሰው ስሜት ላይ የታወቀ ውጤት ስላለው ነጋዴው ሊፈጥር በሚፈልገው ስሜት መሠረት ይምረጥ፤ የቡና ንግድ ድረ ገጽ ቡናማ ይሁን፤ ጽሑፉ ፈዘዝ ባለ ግራጫ ቢጻፍ ዘመናዊ ይመስላል፤ ጥቁር ጀርባ የስልክ ባትሪ ስለሚቆጥብ ይመረጣል፤ የማጽደቂያና የመሰረዣ ቁልፎች በአረንጓዴና በቀይ ከተለዩ ቃል አያስፈልጋቸውም፤ የድረ ገጹም ቀለም በየበዓሉ ይቀያየር የሚሉ ናቸው። ጸሐፊው ነጋዴው ስለ ቀለም እንዲያስብ ማድረጋቸው መልካም ነው፤ በከተማችን ብዙ ድረ ገጾች የሚሠሩት ባለቤቱ ስለ ቀለማቸው አንድም ጥያቄ ሳይጠየቅ ነውና። ይሁን እንጂ ከስድስቱ ምክሮች አንዱን በከፊል ከመቀበል በቀር ሌሎቹን ልቀበላቸው አልቻልኩም። ጸሐፊው ከስሜት ተነሥተው ቀለምን ያስባሉ፤ እኔ ደግሞ ነጋዴ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ደንበኛው ጽሑፉን ማንበብ፣ ዕቃውንም በትክክለኛ መልኩ ማየት መቻሉን ነው እላለሁ።

የመጀመሪያው ምክር ሰማያዊ መታመንን፣ ቀይ የምግብ ፍላጎትን፣ ጥቁር ሐዘንን ይቀሰቅሳል የሚል ነው። ለዚህም ሰው በ90 ሰከንድ ውስጥ ከሚሰጠው ግምት ከ62 እስከ 90 ከመቶው በቀለም ላይ ብቻ የተመሠረተ እንደሆነ በማስረጃነት ጠቅሰዋል። ይህ ቁጥር በየቦታው ይደጋገማል፤ ብዙውን ጊዜ ምንጭ ተደርጎ የሚጠቀሰውም ሳትየንድራ ሲንግ እ.ኤ.አ. በ2006 በአንድ የሥራ አመራር መጽሔት ላይ ያሳተሙት ጽሑፍ ነው። ያ ጽሑፍ ግን ቀደም ሲል የተጻፉ ሥራዎችን አሰባስቦ የሚቃኝ እንጂ ሰዎችን ድረ ገጽ ፊት አስቀምጦ ውጤቱን የለካ ሙከራ አይደለም፤ የሚናገረውም ሰው ከሌላ ሰው ወይም ከምርት ጋር ስለሚያደርገው የመጀመሪያ ግንኙነት ነው። ነጋዴ ገንዘቡን በሚያወጣበት ጉዳይ ላይ እንዲህ ያለ ቁጥር ብቻውን ሊያስወስነው አይገባም።

ሰማያዊ ለመታመን የግድ ቢሆን ኖሮ የሀገሪቱ ትልቁ ባንክ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በወይን ጠጅ ቀለሙ ባልታወቀ ነበር። አዋሽ ባንክ ብርቱካናማን ከሰማያዊ ጋር አጣምሯል፤ ዳሽን ባንክ ደግሞ ሰማያዊ ነው፤ በሦስቱም ዘንድ የጅማ ነጋዴ ሒሳብ አለው። ጸሐፊው ፌስቡክ ሰማያዊን የመረጠው መታመንን ስለሚያመጣ ነው ብለዋል። ማርክ ዙከርበርግ እ.ኤ.አ. በ2010 የተናገሩት ግን ከዚህ የተለየ ነው፦ ቀይንና አረንጓዴን የመለየት ችግር ስላለባቸው አጥርተው የሚያዩት ቀለም ሰማያዊ ነው። ቀይ የምግብ ፍላጎት ይከፍታል የሚለውም እንደተባለው የተረጋገጠ አይደለም፤ ኦሊቨር ጌንሾና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት ቀይ ምልክት ካለበት ኩባያ የጠጡና ከቀይ ሳህን የበሉ ተሳታፊዎች ከሰማያዊው ይልቅ ከቀዩ ያነሰ ወስደዋል። ጥቁር የሐዘን ቀለም መሆኑ ለልብስ እውነት ነው፤ ለጽሑፍ ሲሆን ግን የምናነበው መጽሐፍና ጋዜጣ፣ የምንፈርመው ውልም ጭምር በጥቁር የተጻፈ ነውና አያስኬድም።

ቀለም ከስሜት ጋር ምንም ግንኙነት የለውም እያልኩ አይደለም። ፖል ቦተምሊና ጆን ዶይል እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጡት ጥናት ሰዎች አንድን ቀለም የሚመዝኑት ከምርቱ ጋር ባለው ተገቢነት እንደሆነ አሳይቷል፤ ለተግባራዊ አገልግሎት የሚውል ምርት በሰማያዊ፣ ለደስታና ለጣዕም የሚገዛ ምርት በቀይ ሲቀርብ ይበልጥ ተገቢ ሆኖ ታይቷቸዋል። ስለዚህ ጥያቄው ቀለሙ ከዕቃው ጋር ይሄዳል ወይ የሚል ነው፤ ይህንንም የሚመልሰው ዕቃውን የሚያውቀው ነጋዴ ራሱ እንጂ የቀለምና የስሜት ሰንጠረዥ አይደለም።

ወደ ሁለተኛው ምክር ስመጣ ጠንከር ብዬ መናገር ይኖርብኛል፤ ይህ ምክር የከተማችንን ዋና የንግድ ሥራ ይነካል። የቡና ላኪና የቡና አቅራቢ ድረ ገጽ ቡናማ ይሁን ብሎ መምከር ገዢው የሚገዛውን ነገር መርሳት ነው። ከጅማ ዞን ቡና የሚገዛ የውጭ ነጋዴ የሚገዛው ያልተቆላ፣ ጥሬ ቡና ነው። ከሊሙ የሚመጣው የታጠበ ቡና ወደ አረንጓዴና ወደ ሰማያዊ ያዘነበለ መልክ ሲኖረው፣ ከነገለባው በፀሐይ ደርቆ የተፈለፈለው የጅማ ቡና ወደ ቢጫ ያዘነብላል። ቡና በመጋዘን ሲቆይ መልኩ እየገረጣና እየነጣ ይሄዳል፤ ልምድ ያለው ገዢም ናሙናውን ከማሽተቱ በፊት ካለፈው ዓመት የተረፈ ነው ወይስ የዘንድሮ እያለ መልኩን ይመረምራል። እንግዲህ በድረ ገጹ ላይ የተለጠፈው የቡና ፎቶ የማስጌጫ ሥዕል አይደለም፤ የናሙናው ወኪል ነው።

የጀርባ ቀለም ይህን ናሙና እንደሚለውጠው ደግሞ ከታወቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ሚሼል ኢዩዤን ሼቭረል የተባሉት የፈረንሳይ ኬሚስት በፓሪስ በጎብለን የሥጋጃ ፋብሪካ የቀለም ክፍል ኃላፊ ሳሉ፣ ጥቁሩ ክር ደብዝዟል የሚል አቤቱታ ይደርሳቸው ነበር። ክሩን ሲመረምሩ ማቅለሚያው ጉድለት አልነበረበትም፤ ጥቁሩን ያደበዘዘው ጎኑ የተሠመረው ሌላ ቀለም ነበር። ከዚህ ተነሥተው እ.ኤ.አ. በ1839 ባሳተሙት ሥራ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ቀለሞች አንዱ የሌላውን መልክ በዓይናችን እንደሚለውጥ አስረዱ። ይህ በጥሬ ቡና ፎቶ ላይ ሲሠራ እንዲህ ነው፦ አረንጓዴ የሚያደላው የሊሙ ቡና ወደ ቀይ ባደላ ቡናማ ጀርባ ላይ ከእውነተኛው ይልቅ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል፤ በደማቅ አረንጓዴ ጀርባ ላይ ሲቀመጥ ደግሞ አረንጓዴነቱን ያጣና የቆየ ቡና ይመስላል። በመጀመሪያው ገዢው ናሙናው በፖስታ ሲደርሰው ከፎቶው ያነሰ ሆኖ ያገኘዋል፤ በሁለተኛው ናሙናውን ከነጭራሹ አይጠይቅም። ሁለቱም ለላኪው ኪሳራ ናቸው። ስለዚህ የቡና ፎቶ የሚቀመጥበት ስፍራ ነጭ ወይም ሌላ ቀለም ያልተቀላቀለበት ቀላል ግራጫ ይሁን፤ ነጋዴው የወደደው ቀለም በአርማው፣ በርዕሱና በቁልፉ ላይ ይዋል።

ቡናማ ሌላም ችግር አለበት። በማያ ገጽ ላይ መካከለኛ ቡናማ ለጨለማም ለብርሃንም የማይወግን ቀለም ነው። የቀለም ኮዱ፣ ማለትም ድረ ገጽ ሠሪው ቀለሙን ለኮምፒውተር የሚነግርበት ቁጥር፣ 996633 የሆነውን ቡናማ ብንወስድ እስከ 21 ለ1 በሚደርሰው ልኬት ከነጭ ጋር ያለው የብርሃን ልዩነት 4.9 ለ1 ገደማ፣ ከጥቁር ጋር ደግሞ 4.3 ለ1 ገደማ ነው፤ ማለትም ነጭም ጥቁርም ጽሑፍ በላዩ ላይ ጎልቶ አይወጣም። ነጩ ወደ ክሬም ሲቀየር፣ የቡና ድረ ገጾች ደግሞ ክሬምን ይወዳሉና፣ ቀጥሎ ከማነሣው መለኪያ በታች ሊወርድ ይችላል። ይህ ለእንጨት ሥራም ይሠራል። የጅማ ወንበርና ጠረጴዛ የሚሸጥ ድርጅት የዋንዛ እንጨት ምርቱን በቡናማ ጀርባ ላይ ሲያሳይ፣ ጠራቢው ያወጣው የእንጨቱ ሥርና የእግሩ ቅርጽ ከጀርባው ጋር ይዋሐዳል። እሸት ቡና ቀይ ነው፤ የቡና አበባ ነጭ ነው፤ የቡና ቅጠል አብረቅራቂ ጥቁር አረንጓዴ ነው። ከቡናው ሳይርቅ ከሌሎች ላኪዎች ተለይቶ መታየት ለሚፈልግ የጅማ ላኪ እነዚህ ሁሉ አሉለት።

ሦስተኛው ምክር፣ ፈዛዛ ግራጫ ጽሑፍ፣ ከሁሉም ይበልጥ ጉዳት የሚያደርስ ነው። የድር ስታንዳርዶችን የሚያወጣው ደብልዩ ሦስት ሲ እ.ኤ.አ. በ2008 ባጸደቀው የተደራሽነት መመሪያ በጽሑፍና በጀርባው መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ1፣ ለትልልቅ ርዕሶች ቢያንስ 3 ለ1 እንዲሆን ይጠይቃል፤ ከፍ ያለው ደረጃ 7 ለ1 ነው። ልኬቱ ከ1 ለ1 ተነሥቶ 21 ለ1 ላይ ያበቃል፤ ጥቁር በነጭ ላይ ሲጻፍ 21 ለ1 ነው። በነጭ ጀርባ ላይ 767676 የተባለው ግራጫ መለኪያውን ለጥቂት ሲያልፍ፣ በአንድ እርከን የሚፈዝዘው 777777 ይወድቃል። ጸሐፊው የመከሩትና ብዙ የተዘጋጁ ንድፎች ይዘውት የሚመጡት 999999 ወደ 2.8 ገደማ ይወርዳል፤ ለትልቅ ርዕስ እንኳ አይበቃም። 333333 ግን ከ12 ለ1 በላይ ነው፤ ለዓይንም ከድፍን ጥቁር ይለዝባል። ለስላሳ መልክ የሚፈልግ ነጋዴ ይህን ይዞ የሚያጣው ውበት የለም።

ይህ መለኪያ የተቀመጠው ማንበብ ለሚከብዳቸው ሰዎች ነው፤ እኛ ዘንድ ደግሞ የአነባበቡ ሁኔታ ራሱ ከባድ ነው። በሂርማታ ገበያ በእኩለ ቀን ፀሐይ ስልኩን ከፍቶ ዋጋ የሚያይ ሰው በማያ ገጹ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ጽሑፉን ያደበዝዝበታል፤ ባትሪ ለመቆጠብ ብርሃኑን ቀንሶት ከሆነማ ግራጫው ጨርሶ ይጠፋል። ዕድሜ ሲገፋ የዓይን ሌንስ ወደ ቢጫነት እየሄደ ብርሃን ይቀንሳል፤ በሀገራችን ለዓይነ ስውርነት ዋነኛው ምክንያት የሆነው የዓይን ሞራም ልዩነቶችን ያደበዝዛል። ብዙ ቡና የሚያስረክቡትና ትልቅ ውል የሚዋዋሉት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜ የገፉት አባቶችና እናቶች ናቸው። የስልክ ቁጥሩን በፈዛዛ ግራጫ የጻፈ ድርጅት የሚያገላቸው እነሱን ነው፤ ይህ በእውነት ያሳስበኛል።

ጸሐፊው ያላነሡት ሌላ ነገር የፊደላችን ጠባይ ነው። የግዕዝ ፊደል እያንዳንዱ ሆሄ ሰባት መልክ ሲኖረው፣ አንዱን ከሌላው የሚለየው ብዙውን ጊዜ አንዲት ቅጥያ ወይም አንድ እግር አጠር ማለቱ ነው። በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ የሚሉትን በስልክ ላይ በትንሽ መጠን ስናነብ ዓይናችን የሚፈልገው ያቺን ትንሽ ምልክት ነው፤ በፈዛዛ ቀለም ስትጻፍ ደግሞ ቀድማ የምትጠፋው እሷ ናት። በጅማ አንድ ድረ ገጽ ብዙ ጊዜ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይዘጋጃል። በቁቤ ለተጻፈው የበቃ ግራጫ በዚያው መጠን ለተጻፈው አማርኛ ላይበቃ ስለሚችል፣ ቀለሙ መፈተን ያለበት በሁለቱም ነው። ንድፉን ያዘጋጀው ባለሙያ በላቲን ፊደል ናሙና ብቻ ያሳየው ነጋዴ፣ ክፍያውን ከመፈጸሙ በፊት የራሱን አማርኛ ጽሑፍ አስገብቶ፣ ከደጅ ወጥቶ፣ በስልኩ ይየው።

ስለ ልኬቱ አንድ ነገር ልጨምር። ዓይናችን ለሁሉም ብርሃን እኩል አይደለም። በስሌቱ ውስጥ የአረንጓዴ ድርሻ ወደ 72 ከመቶ፣ የቀይ ወደ 21 ከመቶ፣ የሰማያዊ ወደ 7 ከመቶ ነው። ቢጫ በማያ ገጽ ላይ የሚሠራው ከቀይና ከአረንጓዴ ስለሆነ ከነጭ ጋር ሊተካከል ምንም አይቀረውም፤ ልዩነቱ 1.07 ለ1 ብቻ ነው። በነጭ ላይ በቢጫ የተጻፈ የቅናሽ ማስታወቂያ ያልተጻፈ ያህል ነው። ያው ቢጫ ጥቁር ጽሑፍ ሲጻፍበት ግን ከሩቅ ይታያል።

አራተኛውን ምክር በከፊል እቀበላለሁ። ኦሌድ በተባለው ማያ ገጽ እያንዳንዷ ነጥብ የራሷን ብርሃን ስለምትሰጥ ጥቁር ነጥብ ኃይል አትወስድም። ኤልሲዲ ባላቸው ስልኮች ግን ከኋላ ያለው መብራት ገጹ ጥቁርም ነጭም ቢሆን እንደበራ ይቆያል፤ ርካሽ ስልኮች አብዛኞቹ ይህ ዓይነት ማያ ገጽ ያላቸው ናቸው። በኦሌድም ቢሆን የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ ባደረጉት ልኬት፣ ብርሃኑ ከ30 እስከ 50 ከመቶ ላይ ሲሆን ከነጭ ወደ ጥቁር ገጽታ መቀየር የቆጠበው ከ3 እስከ 9 ከመቶ ነበር፤ ብርሃኑ እስከ መጨረሻው ሲከፈት ነው ቁጠባው ወደ 40 ከመቶና ከዚያ በላይ የደረሰው። በዚህ ላይ ጥቁር ገጽ ከደጅ እንደ መስታወት ያንጸባርቃል፤ አንባቢው ከዋጋው ይልቅ የራሱን ፊት ያያል። ጥቁር ጀርባ የሚያምርበት ቦታ አለ፦ በጅሬን ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የእንጨት ሥራ በትልልቅ ፎቶ ለሚያሳይ አስጎብኚ፣ ጽሑፉ ጥቂትና ትልቅ እስከሆነ ድረስ፣ እኔም እመክረዋለሁ። ረጅም የዋጋ ዝርዝርና የውል ሁኔታ ለሚያስነብብ ግን ጥቁር ጽሑፍ በነጭ ላይ ይሻላል።

አምስተኛው ምክር አጭር መልስ ይበቃዋል። ከአውሮፓ በሚወለዱ ወንዶች ዘንድ ከ12ቱ አንዱ ያህል ቀይንና አረንጓዴን የመለየት ችግር አለበት፤ በሌሎች ሕዝቦች ቁጥሩ ያነሰ ቢሆንም በየትኛውም አለ። የቡና ገዢዎቻችን ብዙዎቹ አውሮፓውያን መሆናቸውን ላኪዎቻችን ያውቃሉ። ትእዛዝ የሚጸድቅበትና የሚሰረዝበት ቁልፍ በቀለም ብቻ ከተለየ፣ ይህ ችግር ያለበት ገዢ ሁለት ተመሳሳይ ቁልፎች ያያል፤ የተሳሳተውን ሲጫን የሚጠፋው ትእዛዝ የላኪው ነው። ያው የተደራሽነት መመሪያ ቀለም ብቻውን መልእክት እንዳይሸከም ይከለክላል። ቃሉ በቁልፉ ላይ ይጻፍ፤ ቀለሙም ይርዳው። በአብዛኞቹ የአንድሮይድ ስልኮች ቅንብር ውስጥ ማያ ገጹን ወደ ጥቁርና ነጭ የሚቀይር አማራጭ ስላለ፣ ነጋዴው እሱን አብርቶ ድረ ገጹን ቢያይና የትኛው ቁልፍ ምን እንደሆነ ቢለይ ሥራው ተሟልቷል።

የመጨረሻው፣ ቀለሙን በየበዓሉ መቀያየር፣ ለአንድ ቀን ደስ ይላል። ደንበኛ ግን የማዘዣውን ቁልፍ የሚያገኘው በለመደው ቀለም ነው፤ ለመስቀል ቢጫ፣ ለዒድ አረንጓዴ፣ ለገና ቀይ እየሆነ የሚጠብቀው ቁልፍ በየጊዜው እንደ አዲስ ይፈለጋል። ለበዓል መልካም ምኞት መግለጽ የሚፈልግ ድርጅት ከገጹ አናት አንድ ሥዕል ይለጥፍ፤ ቁልፉንና ጽሑፉን አይንካ። የሱቁን ታፔላ ቀለም በድረ ገጹ ላይ ማስቀጠል ግን ይጠቅማል፤ ደንበኛው በፈረንጅ አራዳ ያየውን ድርጅት በስልኩም እንዲያውቀው ያደርጋል። ማተሚያ ቤት የሚያትመው በወረቀት ላይ በሚቀባ ቀለም፣ ስልክ የሚያሳየው ደግሞ በብርሃን ስለሆነ ሁለቱ ቁርጥ አንድ አይሆኑም፤ ስለዚህ ከታፔላው ፎቶ ላይ ቀለሙን ከመቅዳት ይልቅ አርማውን የሠራውን ባለሙያ የማያ ገጹን ኮድ መጠየቅ ይሻላል።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን አሻሽለው የሚያሰራጩ ከሆነ፣ ከሁሉም አስቀድመው ሦስተኛውን ምክር እንዲያርሙ በአክብሮት እጠይቃቸዋለሁ። የቀሩት ነጥቦች ሊያከራክሩን ይችላሉ፤ ያ ምክር ግን በተግባር ላይ እየዋለ ነው። በዚህ ወር የተከፈቱ የከተማችን ድረ ገጾች አድራሻቸውንና ስልክ ቁጥራቸውን በዚያው በ999999 ጽፈው አይቻለሁ። ባለቤቶቹም ሊያርሙት ቢፈልጉ ድረ ገጹን እንደ አዲስ ማሠራት አያስፈልጋቸውም፤ የሠራላቸውን ልጅ ጠርተው ያንን ኮድ በ333333 እንዲተካው ቢነግሩት የደቂቃዎች ሥራ ነው።